ከክኒኑ ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ስጡን፦ ለጤና ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
የአእምሮ ጤና ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድሜን የማስታምም እህት ነኝ። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። ሳይኮሲስ ያለባቸው፣ ማለትም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰሙ ወይም የሌለውን ነገር እውነት ነው ብለው የሚያምኑ፣ በመድኃኒት የተረጋጉ ሰዎች ለክትትል ሲመጡ፣ ከሚሰሙት ድምፅና ከሚያስጨንቃቸው ሐሳብ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ የሚያስተምራቸው ሰው ይኑር። ለእነሱ ተብሎ የተስተካከለ አጭር የማይንድፉልነስ (አሁን የሚሰማንን ሳንታገል ልብ የማለት) ልምምድ ከመድኃኒቱ ጎን ይሰጥ። ደብዳቤውን ለሁሉም ግልጽ ያደረግኩት ጉዳዩ የኔ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። በየቀጠሮው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረውኝ የሚቀመጡት እናቶችና ወንድሞች የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ ልናገር፤ እዚህ ላይ ማንም እንዲያሳስተኝ አልፈልግም። ወንድሜን ከሞት አፋፍ የመለሰው መድኃኒት ነው። ሲታመም ጎረቤት ውኃችን ውስጥ የሆነ ነገር ጨምሯል ይል ነበር። መስኮቱን በጋዜጣ ለጥፎ ሌሊቱን ሙሉ ይንጎራደዳል። እህል አይቀምስም። ሕክምና ከጀመረ በኋላ ተኛ፣ በላ፣ ጋዜጣውን ራሱ ላጠው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ መድኃኒቱን እየወሰደ ላለ ሰው ነው። መድኃኒትን በትንፋሽ ልምምድ ይተኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም።

ግን ድምፁ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። መድኃኒታቸውን በሥርዓት እየወሰዱም ድምፅ መስማት የማያቆምላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ባለሙያዎቻችሁም ያውቁታል። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ቀጠሮ ቀን ምን ያገኛሉ? ንጋት ላይ ተነስተን ካርድ እናወጣለን። እስከ እኩለ ቀን እንጠብቃለን። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ነው። ይተኛል? ይበላል? መድኃኒቱን ይወስዳል? አዎ ካልን ማዘዣው ይጻፋል፣ ወደ ፋርማሲ እንሄዳለን። ሐኪሙ ላይ አልፈርድም። በሩ ላይ ያለውን ሰው እያየ ከዚያ በላይ ጊዜ ከየት ያምጣ? ነገር ግን ወንድሜ «አሁንም ይሰማኛል» ብሎ ሲናገር የሚያገኘው መልስ ወይ የመድኃኒት መጠን መጨመር ነው፣ ወይ «አትስማው» ነው። አትስማው! እሱ መስማት አቁም ሲሉት የሚያቆም ቢሆን ኖሮ እዚያ ምን ይሠራ ነበር?

ድምፁ ሲመጣበት የሚያደርገውን ለዓመታት አይቻለሁ። አንዳንዴ ይከራከረዋል፣ ይሰድበዋል። አንዳንዴ በጆሮ ማዳመጫ ዘፈን ጮክ አድርጎ ይከፍታል። አንዳንዴ ተነስቶ ይወጣና እግሩ እስኪዝል መንገድ ለመንገድ ይዞራል። ሲመለስ ደግሞ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ «እኔ ምን አድርጌ ነው?» እያለ ያብሰለስላል። ከድምፁ ይልቅ ያ ማብሰልሰል ነው የሚያደቀው። ድምፁ ለደቂቃዎች ነው የሚመጣው፤ ማብሰልሰሉ ግን ቀኑን ይበላዋል።

ወንድሜ በሚከታተልበት ሆስፒታል አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበረች። ሲስተር እያልን ነው የምንጠራት። ማንም ሳያዛት፣ ከሰዓት ላይ ሰልፉ ቀለል ሲል፣ የተረጋጉ ታማሚዎችን ሰብስባ አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ክብ አስቀመጠቻቸው። ሰባት ስምንት ቢሆኑ ነው። እኛ አስታማሚዎች ከኋላ በግድግዳው ጥግ ቁጭ እንላለን።

ማይንድፉልነስ ሲባል ብዙ ሰው እግር አጣጥፎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ አእምሮን ባዶ ማድረግ ይመስለዋል። እኔም የጠበቅኩት እንዲያ ነበር። ሲስተር ያደረገችው ሌላ ነው። «ዓይኑን መጨፈን የማይፈልግ አይጨፍን፤ ወለሉን ይይ» አለች። «ጫማችሁ መሬቱን ሲነካ ልብ በሉ። ወንበሩ ጀርባችሁን ሲደግፍ ልብ በሉ።» ትንሽ ዝም ትልና ወዲያው ትቀጥላለች። «አሁን ትንፋሻችሁን። አታስረዝሙት፣ አታሳጥሩት፤ እንዳለ ይሁን።» ደግሞ ትንሽ ዝም። «ድምፅ የሚሰማው ሰው ካለ፣ መጣ ይበል። አይመልስለት፣ አያባርረው። መጣ ብሎ ወደ እግሩ ይመለስ።» አሥር ደቂቃ አይሞላም። ረጅም ዝምታ የለም፤ ድምፅዋ ሁሌም በቅርብ ይመለሳል። አንድ ሰው መሀል ላይ ተነስቶ ወጣ። ሲስተር አላስቆመችውም፤ በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝታ ሰላም አለችው፣ በሚቀጥለው ተመልሶ መጣ።

ከልምምዱ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው ዋናው። «ምን አያችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ካፖርት የማያወልቅ አንድ ሰውዬ አለ፣ ሁሌም ዝም ነው። አንድ ቀን ድንገት «እኔ ስመልስለት ነው የሚጮኸው» አለ። ሁሉም ወደሱ ዞረ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ቀጠለች። «የኔ እናቴን ይሰድብብኛል። ዛሬም ሰደበ። ግን ተነስቼ አልወጣሁም።» ያን ቀን ወንድሜ ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «ሌላውም ሰው ይሰማዋል ለካ» አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ብቻውን የተሸከመውን ነገር ሌላ ሰው በአፉ ሲናገረው የሰማው ያኔ ነው።

ቤት ውስጥ የተለወጠውን ልንገራችሁ። እማዬ ከሰዓት ቡና ታፈላለች። ወንድሜ ብዙ ጊዜ ቡናው ተቆልቶ ሳያልቅ ድምፁ ይመጣበትና ጥሎን ይወጣ ነበር። አሁን ሁለት እግሩን ወለሉ ላይ ያደርጋል። የቡናውን ሽታ ያሸታል። አንዳንዴ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «መጣ» ይላል። እኔም አልደነግጥም፣ «እሺ» እለዋለሁ። አቦሉን ሳይጠጣ ይወጣ የነበረ ልጅ በረካ ድረስ አብሮን ይቀመጣል። ሁሌም አይሳካለትም። ክፉ ቀን አለ፣ በተለይ እንቅልፍ ያጣ ዕለት። ድምፁም እስከዛሬ አልተወውም። ነገር ግን አሁን ከእማዬ ጋር ቡና ይጠጣል። ይህ ለእኛ ቤት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ሲስተር ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ስንሄድ ክፍሉ የአሮጌ ወንበር ማስቀመጫ ሆኗል። ጠየቅን። «እሱ እኮ የሷ ፕሮግራም ነበር» ተባልን። ያሉን እውነት ነው፤ የሷ ብቻ ነበር። በዕቅድ የለም፣ በሪፖርት የለም፣ ሌላ የሠለጠነ ሰው የለም። ሰውዬው በካፖርቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አየሁት። ተመልሶ ዝም ብሏል። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ይህ ነው።

ሲስተር ነገሩን ከራሷ አላመጣችውም። ማይንድፉልነስ ወደ ሆስፒታል የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕመም ለማይለቃቸው ሰዎች ፕሮግራም ሲከፍት ነው። ሳይኮሲስ ላለባቸው ሰዎች ግን ለረጅም ጊዜ አደገኛ ነው ተብሎ ተፈርቶ ቆየ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ቻድዊክና ባልደረቦቹ ናቸው አስተካክለው ያቀረቡት፤ የመጀመሪያዎቹን ቡድኖች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። ልምምዱ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። መሪው በየግማሽ ደቂቃው፣ ቢበዛ በየደቂቃው ይናገራል። ድምፅ መስማትም ሆነ ጥርጣሬ በስሙ ይጠራል፣ አይሸፈንም። ቤት ውስጥ መለማመድ ይበረታታል እንጂ ግዴታ አይደለም። ሲስተር ያደረገችው ከዚህ ጋር አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 እነ ቻድዊክ የሚያስጨንቅ ድምፅ የሚሰሙ 108 ሰዎችን ያሳተፈ ሙከራ አወጡ። ገሚሱ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ 12 የቡድን ክፍለ ጊዜ ወሰደ፣ ሌላው የተለመደውን ብቻ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዋና መለኪያቸው አጠቃላይ የአእምሮ ጭንቀት ነበር፣ በሱ ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ድምፁ በሚፈጥረው ጭንቀት፣ ድምፁን እቆጣጠረዋለሁ በሚል ስሜትና በድብርት ላይ ግን መሻሻል ታየ። ሁለቱንም የጻፍኩት ነገ አንድ ሰው ተአምር አድርጎ ቢያቀርብላችሁ እንዳትቀበሉት ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ ደግሞ የነርሲንግ ተመራማሪው ዋይ ቶንግ ቺየን ማይንድፉልነስን ስለ በሽታው ከሚሰጥ ትምህርት ጋር አዋህዶ በቡድን ሰጠ። ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው የተሳተፉት ሰዎች የዕለት ኑሯቸው ተሻሽሎ፣ ሆስፒታል ተመልሰው የሚተኙበት ጊዜም አጥሮ ተገኘ። አልጋ በሚያጥርበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ፍርሃቱም ቢሆን ከመሬት አልተነሳም። በዚያው በ1979 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ ሦስት ሰዎች ለቀናት በተጠናከረ ሜዲቴሽን ከተቀመጡ በኋላ ሕመማቸው እንደተነሳባቸው ተዘግቧል። ሁሉም ከዚያ በፊት ስኪዞፍሬኒያ የነበረባቸው ናቸው። ጸሐፊዎቹ አደገኛ ነው ያሉት የእነዚህን መደራረብ ነው፦ የተጠናከረ ሜዲቴሽን፣ ጾም፣ እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት ማቋረጥ።

ጾም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መድኃኒት ማቋረጥ። ይህን ሳነብ ሐሳቤ በቀጥታ የሄደው ወደ ጸበል ቦታ ነው። ከጸበሉ ጋር ጠብ የለኝም፤ እማዬ ወንድሜን ይዛ ሄዳለች፣ ነገም ትሄዳለች፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ጉዳቱ የሚመጣው መድኃኒቱን ጣል ሲባል፣ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር፣ ባዶ ሆዱን ሲውል ነው። ይህም መፍትሔ አለው። ለኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናግረው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥም የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የጸበል አባቶች ተግባብተው ታማሚዎችን አብረው የረዱበት ሥራ ተጠንቶ ታትሟል። ለአእምሮ መድኃኒትም ያው ቃል ከዐውደ ምሕረትም ከመስጊድም ይነገር። እናንተ ጠይቋቸው፤ የሃይማኖት አባቶቻችን የሚከብዳቸው አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የሜዲቴሽን ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች በዝተዋል። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ዓይንህን ጨፍነህ፣ ክፍሉን አጨልመህ፣ ለረጅም ሰዓት ከውስጥህ ጋር ቆይ የሚለው መመሪያ ድምፅ ለሚሰማ ሰው አይሆንም። ባዶውን ዝምታ ድምፁ ይሞላዋል። እነዚህ አሠልጣኞች ሥልጠና ከመጀመራቸው በፊት «ድምፅ ይሰማሃል? የአእምሮ መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለው እንዲጠይቁ፣ አዎ ያለውንም ወደ ሐኪሙ እንዲልኩ መመሪያ ይውጣ። ክፋት አላቸው አላልኩም፤ የሚነግራቸው አካል ስለሌለ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ይሄ የቡድሃ እምነት አይደለም ወይ?» ይላሉ። መነሻው ከዚያ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። ሆስፒታል የገባው ግን ያለ ጸሎትና ያለ አምልኮ ነው። እግር መሬት ሲነካ ልብ ማለት የማንንም ሃይማኖት አይነካም። ሲስተር ራሷ አጥባቂ ክርስቲያን ናት፣ ከቡድኑ ውስጥ ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ። ማንም ቅር ሲለው አላየሁም። ሥልጠናው ሲዘጋጅ ይህን ጥያቄ በግልጽ የሚመልስ አንድ ገጽ ቢኖር ይበቃል።

ባለሙያ ከየት ይምጣ እንደምትሉ አውቃለሁ። መልሱ ያለው ግን እዚሁ አገር ውስጥ ነው። ቡታጅራ ላይ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ባጠኑበት ጊዜ፣ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው ሰዎች ውስጥ ሕክምና አግኝቶ የሚያውቀው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተሏቸውም ከዕድሜያቸው ወደ 30 ዓመት ያህል ቀድመው እየሞቱ እንደሆነ ታየ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉ በተላላፊ በሽታ ነው። ይህን ቁጥር ያነበበ ሰው መጀመሪያ መድኃኒት፣ መጀመሪያ ምግብ ቢል ትክክል ነው። እኔም አልቃወምም።

ግን እዚያው አካባቢ ከዚያ በኋላ የተሠራውን ተመልከቱ። ቡታጅራና ሶዶ ወረዳ አካባቢ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተደርገው ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። አንዱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ክትትሉን በጤና ጣቢያ ባሉ ባለሙያዎች ቢያደርግ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ዘንድ ከሚከታተለው ያላነሰ ውጤት እንደሚያገኝ አሳየ። ሌላው ከአካባቢው የተመረጡ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎችን አሠልጥኖ፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች ያሳተፈ ነው። ከእነሱ ገሚሱን ሠልጣኞቹ ቤት ለቤት እየሄዱ ለዓመት ደገፉ፤ የተደገፉት ሰዎች ሠርቶ የመኖር አቅም ይህን ድጋፍ ካላገኙት የተሻለ ሆነ። ቤት ለቤት ሄዶ ሰውን መደገፍ የቻለ ሠልጣኝ አሥር ደቂቃ መምራት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣም ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር ሐሳቡ። መንገዱ ተጠርጓል።

የምለምናችሁን በዝርዝር ላስቀምጥ። ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በምትሰጡት የአእምሮ ጤና ሥልጠና ውስጥ ይህ ልምምድ ይካተት። የሚያስተምረው ሰው ራሱ ተለማምዶት የሚያውቅ ይሁን፣ ከወረቀት አንብቦ የሚያስተምር አይሁን። በወር አንዴ የበላይ ባለሙያ ይገናኘው። ለማን እንደማይሰጥም በግልጽ ይጻፍ፦ ሕመሙ ገና በተነሳበት፣ ራሱን ለማጥፋት በሚያስብ፣ መድኃኒቱን ባቋረጠ ሰው ላይ አይጀመር፤ እሱ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። የማይፈልግ አይገደድ። መሀል ላይ ተነስቶ መውጣት ይፈቀድ።

ልምምዱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎች ቋንቋዎችም በድምፅ ይቀረጽ። ኢንተርኔት የሚፈልግ አፕ አይሁን። ሜሞሪ ካርድ ላይ ተጭኖ በተራ ስልክ የሚሰማ ይሁን። አንባቢው የተረጋጋ ሰው ይሁን፣ ከኋላው ሙዚቃ አይግባ። ወንድሜ በሙዚቃው ውስጥ ስሙ ሲጠራ ይሰማዋል።

ከሁሉም በላይ ግን በክትትል መዝገቡና በወር ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ስጡት። ቡድኑ በዚህ ወር ተካሂዷል? ማን መራው? ስንት ሰው መጣ? መሪው ሲዛወር ማን ተተካ? ይህ መስመር ኖሮ ቢሆን ሲስተር ስትሄድ ክፍሉ ወንበር ባልታጨቀበት ነበር።

በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ ጀምሩ አልልም። በአንድ ሆስፒታልና ልምዱ ባለበት በሶዶ አካባቢ በጥቂት ጤና ጣቢያዎች ጀምሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ቢለካው መልካም ነው። ታማሚዎቹ ራሳቸው ምን እንደጠቀማቸው ይጠየቁ፤ ድምፁ ጠፋ ወይ ብቻ ተብሎ አይለካ። ካልሠራም አልሠራም ተብሎ በግልጽ ይነገረን።

መመሪያው ሲረቀቅ ታማሚዎችንና አስታማሚዎችን ጥሩ። ከኛ ቡድን ለመምጣት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች አሉ፣ ወንድሜም አንዱ ነው። ከተቻለ ስብሰባው ረፋድ ላይ ይሁን፤ የአብዛኞቹ መድኃኒት ጠዋት ጠዋት ያንገላጅጃቸዋል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ቤት ጥሎ መውጣት ለኛ ያስቸግረናል። በመሀል ዕረፍት ይኑረው፣ ክፍሉም መስኮት ይኑረው።

ከአክብሮት ጋር

አንዲት አስታማሚ እህት
አዲስ አበባ